ብቸኛ ቁጥር በቃል ይጠና ወይስ ይፈተን?

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከማይጠፉት ጥያቄዎች አንዱ «ከ1 እስከ 100 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ዘርዝሩ» የሚለው ነው። ተማሪውም ይዘረዝራል። «2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13» እያለ እንደ ዳዊት ደጋሚ ይወርደዋል። ሃያ አምስቱንም ሳያዛንፍ ከጨረሰ ሙሉ ማርክ ያገኛል። መልካም። ታዲያ ያንኑ ልጅ ጠጋ ብሎ «143ስ ብቸኛ ነው ወይ?» የሚለው ቢኖር ምን የሚመልስ ይመስላችኋል? «እሱን አልተማርነውም!» ነው የሚለው።

ልጁ አልዋሸም። የተማረው የቁጥሮች ስም ዝርዝር እንጂ ብቸኛነት ምን እንደሆነ አይደለም። ዝርዝሩ 97 ላይ ሲያልቅ እውቀቱም አብሮ አለቀ። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አቋም ባጭሩ ይኸ ነው፤ ብቸኛ ቁጥርን በቃል ማስሸምደድ ይቅር፤ በምትኩ ልጁ ራሱ እንዲፈትን እናድርገው። ነገሩ የሒሳብ ክፍለ ጊዜን የማሳመር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ ተመርቀን ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ገጠር፣ ወደ ጃን አሞራ፣ ወደ በየዳና ወደ አዳርቃይ የምንበተን መምህራን ይዘንላቸው የምንሄደው ዕቃ ብዙ አይደለም። ነገር ግን መጽሐፍ ባይኖር፣ መብራት ባይኖር፣ መምህሩ ራሱ ባይኖር እንኳ ልጁ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይበትን መሣሪያ ልንሰጠው እንችላለን። ብቸኛ ቁጥር ይህን ለማስተማር ከሚመቹት ትምህርቶች ግንባር ቀደሙ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። ለአንድ ልጅ 12 የባቄላ ፍሬ ስጡትና እኩል እኩል ረድፍ እየሠራ እንዲደረድር እዘዙት። 2 ረድፍ ባለ 6፣ ወይም 3 ረድፍ ባለ 4 አድርጎ ያሳያችኋል። አንድ ፍሬ ጨምሩለትና 13 ይሁን። አሁን ቢገለብጠው ቢያገላብጠው ከአንድ ረጅም መስመር በቀር ሌላ አይወጣውም፤ ሁልጊዜ የሚተርፍ ፍሬ አለ። ብቸኛ ቁጥር ማለት ይኸው ነው፤ ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው። እንደ 12 ያለው ደግሞ ስብጥር ቁጥር ይባላል። ባቄላ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የሚጠፋ ነገር አይደለምና «መርጃ መሣሪያ የለም» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

«1ስ ለምን ብቸኛ አይባልም?» ብሎ ልጅ ሲጠይቅ «መጽሐፉ አይደለም ስላለ» ብለን እንዳናልፈው። ምክንያት አለው። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ሲተነተን፣ የአብዢዎቹ ቅደም ተከተል ቢለዋወጥም፣ መልኩ አንድ ብቻ ነው። 60 ምንጊዜም 2×2×3×5 ነው። 1ን ብቸኛ ብንለው ኖሮ ግን 60ን 1×2×2×3×5፣ ወይም 1×1×2×2×3×5 እያልን ማብቂያ በሌለው መልክ ልንጽፈው እንችል ነበር። ያ ትልቅ ሕግ እንዳይፈርስ ሲባል 1 ከማኅበሩ ወጣ።

አሁን ወደ 143 እንመለስ። ብዙ ተማሪ እስከ 142 ድረስ በሁሉም ማካፈል ያለበት ይመስለውና ገና ሳይጀምር ይደክመዋል። ነገር ግን 12 በ12 ሲባዛ 144 ነው። 143 ሁለት አብዢዎች ቢኖሩትና ሁለቱም 12 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆኑ ውጤታቸው ቢያንስ 144 ይሆን ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ የግድ ከ12 ያነሰ ነው። በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7ና በ11 ብቻ መሞከር ይበቃል ማለት ነው። 11 ላይ ሲደርስ እንካችሁ! 11×13=143 ሆኖ ይገኛል። አምስት ሙከራ ብቻ። እስከ 100 ላሉትማ በ2፣ በ3፣ በ5ና በ7 መፈተን በቂ ነው። 91 ብቸኛ መስሎ ስንቱን አታሏል፤ በ7 ሲፈተን ግን 7×13 ነው። 51፣ 57ና 87ም በ3 ይጋለጣሉ። ይህችን ዘዴ የያዘ ልጅ ሃያ አምስቱን ቁጥሮች ቢረሳ እንኳ መልሶ ያገኛቸዋል። የሸመደደው ግን ከረሳ ረሳ ነው።

ከደጃችን ምሳሌ እናምጣ። የራስ ዳሽን ከፍታ ስንት ነው? በአንዳንድ መጻሕፍት 4,620 ሜትር፣ በሌሎች 4,550፣ በሌሎች ደግሞ 4,533 ሜትር ተብሎ ይገኛል። ተራራው ከፍና ዝቅ እያለ አይደለም፤ ልኬቱ ስለሚለያይ ነው። በዚህ ጉዳይ ተማሪያችን ከመጽሐፉ በቀር ሌላ ዳኛ የለውም፤ ወጥቶ ሊለካ አይችልም። ቁጥሮቹን ራሳቸውን ስንፈትሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። 4,620 ማለት 2×2×3×5×7×11 ነው። 4,550 ማለት 2×5×5×7×13 ነው። 4,533 ማለት 3×1,511 ነው። 1,511 ራሱ ብቸኛ ነው። «እንዴት አወቅህ?» ብትሉኝ፣ 39×39=1,521 ስለሆነ ከ2 እስከ 37 ባሉት 12 ብቸኛ ቁጥሮች አካፍሉትና እዩት፤ በሁሉም ቀሪ ይኖረዋል እላችኋለሁ። ይህን ለማረጋገጥ እርሳስና ወረቀት፣ ወረቀትም ባይኖር አመድ የተነሰነሰበት መሬት ይበቃል። አሥራ ሁለቱን ሙከራ የጨረሰ የገጠር ልጅ ስለ 1,511 ብቸኛነት የሚያውቀው፣ በዓለም ላይ ያለ ፕሮፌሰር ሁሉ ከሚያውቀው አያንስም። እስቲ እንዲህ ያለ እኩልነት የሚገኝበት ሌላ ትምህርት ካለ ንገሩኝ!

ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር የሚመስለው አለ። ይህም ስህተት ነው። የሀገራችን ሊቃውንት የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጡበትን የባሕረ ሐሳብ ስሌት እንይ። የሃይማኖቱን ጉዳይ ለባለቤቶቹ ትተን ቁጥሩን ብቻ እንመልከት። በዚህ ስሌት ውስጥ ሦስት ዑደቶች አብረው ይዞራሉ። አንደኛው ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ እየተባለ የሚጠራው የ4 ዓመት ዑደት ነው። ሁለተኛው የ7ቱ የሳምንት ቀናት ዑደት ነው። ሦስተኛው የጨረቃን አካሄድ የሚከተለው የ19 ዓመት ዐውደ አበቅቴ ነው። 4ና 7 የሚገናኙት በ28 ዓመት ነው፤ ዐውደ ፀሐይ ይባላል። 4ና 19 በ76 ዓመት ይገናኛሉ፤ ዐውደ ማኅተም ይባላል። ሦስቱም ተገናኝተው ሁሉም ነገር ወደ መነሻው የሚመለሰው በ532 ዓመት ነው፤ ይህም ዐውደ ቀመር ነው።

ለምን በትክክል 532 ሆነ? 4፣ 7ና 19 እርስ በርሳቸው ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ሦስቱን በማባዛት የሚገኘው 4×7×19 ነው። 19 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ከማንም ጋር በቀላሉ አይጋራም። በ19 ፈንታ 20 ቢሆን ኖሮ፣ 20 በ4 ስለሚካፈል፣ ሦስቱ ዑደቶች በ140 ዓመት ይገጣጠሙ ነበር። እነሆ፣ ትንሹን የጋራ ብዜት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የት ይገኛል? በየመንደሩ የቀን አቆጣጠሩን የሚያውቅ አባት አይጠፋም፤ ልጁ ቤቱ ሄዶ ሊጠይቅና ሊከራከርበት ይችላል።

የ7ን ነገር ደግሞ ጠጋ ብለን እንየው። የእኛ ዓመት 52 ሳምንትና 1 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን 52 ሳምንትና 2 ቀን ይሆናል። ስለዚህ በ4 ዓመት ውስጥ የዘመን መለወጫ ዕለት 5 ቀን ፈቀቅ ይላል። አምስት አምስት እየጨመርን 7 ሲሞላ እየጣልን እንሂድ፤ 5፣ 3፣ 1፣ 6፣ 4፣ 2፣ 0 እናገኛለን። ሰባቱንም ቀኖች አንድም ሳያስቀር ጎብኝቶ ተመለሰ! ሰባት ጊዜ 4 ዓመት፣ 28 ዓመት። ሳምንቱ 8 ቀን ሆኖ ፈቀቅታው 6 ቢሆንስ? 6፣ 4፣ 2፣ 0 ብሎ ያበቃል፤ አራቱን ቀኖች ፈጽሞ አይረግጣቸውም። 7 ብቸኛ ስለሆነ ከ1 እስከ 6 በየትኛውም እርምጃ ብትሄዱ ሁሉንም ቤት ያዳርሳል። የብቸኛ ቁጥር አንዱ ጠባይ ይኸ ነው፤ ተማሪዎች በክብ ቆመው ድንጋይ እየተቀባበሉ ሊያዩት ይችላሉ።

ይኸው 28 ሌላም ምስጢር አለው። ከራሱ በታች ያሉትን አካፋዮቹን ደምሩ፤ 1+2+4+7+14=28። እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች የጥንት ግሪኮች «ፍጹም» ብለዋቸዋል። 6ም ፍጹም ነው፤ 1+2+3 ነውና። 28ን 4×7፣ 6ን 2×3 ብለን ስንጽፋቸው 3 ማለት 2×2 ሲቀነስ 1፣ 7 ማለት 2×2×2 ሲቀነስ 1 መሆኑን እናያለን። ዩክሊድ የተባለው የግሪክ ሊቅ 2ን በራሱ እየደጋገምን አባዝተን 1 ስንቀንስ ብቸኛ ቁጥር ከወጣ፣ ከእርሱ ፍጹም ቁጥር እንደሚገኝ አረጋግጧል። ከ31 በመነሣት 16×31=496፣ ከ127 በመነሣት 64×127=8,128 ይመጣሉ። ይህ በር ነው ወደ ታላላቆቹ ብቸኛ ቁጥሮች የሚያስገባን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንመልስ። ብቸኛ ቁጥሮች ያልቃሉ ወይ? አያልቁም፤ ይህንም ያረጋገጠው ራሱ ዩክሊድ ነው። ሁሉም 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11ና 13 ብቻ ናቸው የሚል ሰው መጣ እንበል። እናባዛቸውና 30,030 ይሁን፤ 1 እንጨምርና 30,031። ይህ ቁጥር በስድስቱም ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። እንግዲህ ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይ ከስድስቱ ውጪ የሆነ ብቸኛ አካፋይ አለው። ስንፈትነው 59×509 ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ከዝርዝሩ ውጪ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፤ «አባዝተህ 1 ብትጨምር ምንጊዜም ብቸኛ ቁጥር ይወጣል» ብሎ ማስተማር ስህተት ነው፤ 30,031 ራሱ ምስክር ነው። ዝርዝር የፈለገውን ያህል ቢረዝም ሁልጊዜ የሚያመልጠው አለ። ታዲያ ማለቂያ የሌለውን ነገር በዝርዝር ማስተማር ምን ይባላል?

ወደ 2 ብዜቶች እንመለስ። 2ን 3 ጊዜ አባዝተን 1 ስንቀንስ 7፣ 5 ጊዜ 31፣ 7 ጊዜ 127 ይመጣል፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። 11 ጊዜ ስናደርገው ግን 2,047 ይመጣል፤ እርሱም 23×89 ነው። እንግዲህ መልኩ ማረጋገጫ አይሆንም ማለት ነው። ማሪን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1644 የትኞቹ አርቢዎች ብቸኛ ቁጥር እንደሚሰጡ ዝርዝር አወጣ። ቁጥሮቹ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። ዝርዝሩ ግን ስህተት ነበረበት። 67ንና 257ን ያለ ቦታቸው አስገብቷል፤ 61ን፣ 89ንና 107ን ዘሏል። ስሕተቱ ታርሞ እስኪያልቅ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወሰደ። የታላቅ ሰው ዝርዝርም ቢሆን ካልተፈተነ ዝርዝር ብቻ ነው።

ማን አረመው? እ.ኤ.አ. በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ በ67 የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1883 ደግሞ በሩሲያ ራቅ ባለ ገጠር ይኖር የነበረ ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ ቄስ በ61 የሚገኘው 2,305,843,009,213,693,951 ብቸኛ መሆኑን በእጁ አስልቶ አረጋገጠ። ልብ በሉ፤ የገጠር ቄስ ነው! ከትልቅ ከተማ መራቅ የታላቁን ሰው ዝርዝር ከመፈተን አላገደውም። ሉካ ስብጥር ነው ያለው የ67ቱ ቁጥር አብዢዎች የተገኙት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል 193,707,721ን በ761,838,257,287 ብታባዙት 147,573,952,589,676,412,927 ይመጣል ብሎ አሳየ።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «ሉካ አብዢዎቹን ሳያገኝ እንዴት ስብጥር ነው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ዘዴው ይኸው፤ በኋላ ሌመር የተባለ አሜሪካዊ አሻሽሎታል። ከ4 ተነሡ። በራሱ አባዙና 2 ቀንሱ፤ በሚፈተነው ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ። በቀሪው ላይ እንደገና እንዲሁ አድርጉ። ይህን ከአርቢው 2 ባነሰ ቁጥር ደጋግሙ፤ መጨረሻ ላይ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፣ ካልሆነ አይደለም። በ31 እንሞክረው፤ አርቢው 5 ስለሆነ ሦስት ጊዜ ነው። 4×4−2=14። 14×14−2=194፤ በ31 ሲካፈል ቀሪው 8። 8×8−2=62፤ በ31 ሲካፈል ቀሪው 0። ብቸኛ! በ2,047 ዘጠኝ ጊዜ ብትሄዱ ግን መጨረሻው 1,736 ነው እንጂ 0 አይደለም፤ ስለዚህ ስብጥር ነው። 23ንና 89ን ማንም አልነገረን፤ ግን ወንጀለኛው ታውቋል። ይህ ዘዴ ከ2 በቀር ብቸኛ ለሆነ አርቢ ሁሉ ይሠራል።

እንግዲህ የዘመናችንን ታላቅ ቁጥር እንመልከት። በጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኦክቶበር 12 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.) 2ን 136,279,841 ጊዜ አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ መሆኑ ተረጋገጠ። በዚያን ጊዜ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ የበለጠ ነበር። ያገኘው ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ሥራው የተካሄደው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በኮምፒዩተሮቻቸው እየተጋገዙ በሚሠሩበት «ጊምፕስ» በተባለ ማኅበር ውስጥ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው መሆኑ ነው። ቁጥሩ 41,024,320 አሐዞች አሉት። በሴኮንድ አንድ አሐዝ እየጻፈ ሌት ተቀን የማያርፍ ሰው ቢገኝ፣ ለመጨረስ ከ474 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ደግሞ ለወጉ ያህል ልጨምር፤ ቁጥሩ የተገኘበት 2017 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው። 5,500 ጨምራችሁ በዓመተ ዓለም ብታሰሉትም 7,517 ይሆናል፤ እርሱም ብቸኛ ነው። አትመኑኝ፤ ፈትኑት።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚቀረን ቁም ነገር ምንድን ነው? ያን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው የለም። ብቸኛነቱ የተረጋገጠው ከላይ በ31 ላይ በሠራነው በዚያው የሉካና የሌመር ዘዴ ነው። ኮምፒዩተሩ የሠራው ከ4 ተነሥቶ ማባዛት፣ 2 መቀነስና ቀሪ መያዝ ነው፤ ልዩነቱ ብዛቱና ፍጥነቱ ብቻ ነው። ውጤቱም በአንድ ሰው ቃል አልታመነም፤ በተለያዩ ፕሮግራሞችና በተለያዩ መሣሪያዎች ተደጋግሞ ከተጣራ በኋላ ነው የታወጀው። ዓለም በትልቁ ቁጥር ላይ የሚያደርገውን እኛ በትንሹ ላይ ለምን እንከለክላለን?

«ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። በሐቅ እንመልስላቸው። 41 ሚሊዮን አሐዝ ያለው ቁጥር በቀጥታ ለገበያም ለእርሻም አይውልም። ትናንሾቹ፣ ማለትም ጥቂት መቶ አሐዝ ያላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ግን ሥራ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ሰዎች በሁለት ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ላይ የቆመ የምስጢር መላላኪያ ዘዴ አወጡ፤ በኮምፒዩተር መረብ ምስጢርን ለመጠበቅ በሰፊው አገልግሏል። መሠረቱ ቀላል ነው። ሁለት ቁጥሮችን ማባዛት ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል እንደ መውረድ ነው፤ ውጤቱን ይዞ አብዢዎቹን መፈለግ ግን ያንኑ መንገድ ሸክም ይዞ ሽቅብ መውጣት ነው። የኮልን ሁለት ቁጥሮች ማባዛት ለታታሪ ተማሪ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ እነሱን መፈለግ ግን ከ1876 እስከ 1903 ዓለምን አስጠብቋል።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። «ክፍሉ በተማሪ የተሞላ ነው፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፣ ፈተናው ዝርዝሩን ነው የሚጠይቀው» ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ አይካድም። ነገር ግን የተማሪ ብዛት በዚህ ትምህርት ላይ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ሊሆን ይችላል። 60 ልጅ ካለ 60 ቁጥር አድሏቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ይፈትን፤ ጎረቤቱ ያጣራለት። ያ የሎሚው ተረት እዚህም ይሠራል። ወይም ከ2 እስከ 100 ያሉትን በግቢው መሬት ላይ ጻፉና የ2ን ብዜቶች አንዱ ቡድን፣ የ3ን ሌላው፣ የ5ን ሌላው፣ የ7ን ሌላው ይሰርዝ፤ ራሳቸውን 2ን፣ 3ን፣ 5ንና 7ን ግን አይንኩ። ሳይሰረዙ የቀሩት ሃያ አምስቱ ናቸው። የጥንቱ የኤራቶስቴንስ ወንፊት ይኸ ነው። ዝርዝሩ ተገኘ፣ ፈተናውም አልተጎዳም፤ ልዩነቱ ልጆቹ ዝርዝሩን ከእኛ ሳይቀበሉ ራሳቸው ማግኘታቸው ነው።

በበኩሌ ሦስት ነገሮችን ለዕጩ መምህራንና ለአሠልጣኞቻችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በማስተማር ልምምድ ጊዜ የብቸኛ ቁጥር ትምህርት ስናዘጋጅ «ዘርዝር» በሚለው ትእዛዝ ፈንታ «ፈትንና ምክንያትህን ተናገር» የሚለው ይግባ። ሁለተኛ፣ ማርክ ስንሰጥ ለመልሱ ብቻ ሳይሆን ለሙከራው ይሰጥ፤ 97ን በ2፣ በ3፣ በ5ና በ7 አካፍሎ «ከዚህ በላይ አያስፈልግም፣ ምክንያቱም 10×10=100 ነው» ያለ ልጅ ከሸምዳጁ የበለጠ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ አንዳንድ ጊዜ ሆን ብለን 87ን ከብቸኛ ቁጥሮች ጋር ሰሌዳው ላይ እንጻፈው። «የኔታ፣ 3×29 ነው!» ብሎ የሚነሣ ልጅ ካለ ክፍሉ ያጨብጭብለት።

ይህ ሦስተኛው ነገር አንዳንዶቻችንን ያስደነግጣል። «መምህር በተማሪ ከታረመ ክብሩ ወዴት አለ?» እንላለን። አስተውሉ፤ መምህሩ ያለውን ሁሉ እንዳለ የሚቀበል ልጅ ነገ ነጋዴው በሚዛን ቢያታልለው፣ ደላላው የሐሰት ቁጥር ቢቆጥርለት፣ ማንም ዝርዝር ይዞ መጥቶ «እንዲህ ነው» ቢለው፣ ያንኑ ልማዱን ይዞ ይቀበላል። መምህሩን በማስረጃ ያረመ ልጅ ግን መምህሩን አላዋረደም፤ መምህሩ ያስተማረውን ሠራበት እንጂ። 87ን የሚያርመው ልጅ ጉልበትም ዕድሜም አያስፈልገውም፤ 3ና 29 ይበቁታል። የመምህር ክብር እንዲህ ያለ ልጅ በማፍራቱ ነው።

እንግዲህ ለአንባብያን አንድ ሥራ ሰጥቼ ልሰናበት። ከ2017 ቀጥሎ የሚመጣው ብቸኛ ዓመት የትኛው ነው? ብዙ ሰው 2021 ዓ.ም. ላይ ደርሶ «ይኸማ ብቸኛ ነው» ይላል። በ2 አይካፈልም፣ በ3 አይካፈልም፣ በ5፣ በ7፣ በ11፣ በ13ም እንዲሁ። እናንተ ግን 45×45=2,025 መሆኑን አስታውሱና እስከ መጨረሻው ሂዱ፤ መንገድ ላይ አትቁሙ። መልሱን እዚህ አልጻፍነውም፤ በጎን ከቆመውም አትጠይቁ። እርሳሱ በእጃችሁ ነው።